ለሐረናና ለጫሞ ተጓዦች፦ ቀስ ብሎ ስለማየት

የተከበራችሁ ተጓዦች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ለፋሲካ እረፍት ወደ ባሌና ወደ አርባ ምንጭ ልትወጡ ነው። አዘጋጆቹ «ስለ እንስሳቱ ትንሽ ንገሪያቸው» ብለውኝ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ስለ ቀይ ቀበሮ ግን አልነግራችሁም። እሱን አስጎብኚዎቹ ሳትጠይቁ ያሳዩአችኋል። የመጣሁት መኪና ሳይቆም ስለሚያልፋቸው ፍጥረታት ላወራ ነው፤ ስለ እንቁራሪት፣ ስለ ጉርጥ፣ ስለ እስስት፣ ስለ እባብ፣ ስለ አዞ።

ብዙዎቻችን እነዚህን ለማየት የግድ ማዳጋስካር ወይም ደቡብ አሜሪካ መሄድ ያለብን ይመስለናል። አገራችን ግን ራሷ የሐሩር ክልል አገር ናት። ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች አሏት። ከእነዚህ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። በወፎቻችን የምንኮራውን ያህል በእነዚህ ብንኮራ ሲያንስ ነው።

ይሄ የሆነው በተራራው ምክንያት ነው። እንቁራሪት ቆዳዋ እርጥብ ካልሆነ አትኖርም፤ በቆዳዋም ጭምር ነው የምትተነፍሰው። ደጋው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ዙሪያውን ያለው ቆላ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ። መሐሉን ስምጥ ሸለቆው ሰንጥቆታል። ስለዚህ ባሌ ላይ ያለች እንቁራሪት ወርዳ፣ ቆላውን አቋርጣ፣ ሌላ ተራራ መውጣት አትችልም። እዚያው ቀረች። ከብዙ ሺህ ትውልድ በኋላ ከዘመዶቿ የተለየች ሆነች።

ከጎባ ተነስታችሁ የሳነቲን አምባ ስታቋርጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ መንገዱ ወደ ዶሎ መና አቅጣጫ ቁልቁል ይታጠፍና፣ ብዙም ሳትሄዱ ሐረና ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ። ዛፉ ሽበት አብቅሏል፣ ጉም ይንሳፈፋል፣ ከታች ደግሞ የዱር ቡና አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይሄ ጫካ የፓርኩ አንድ ክፍል ነበር። እባካችሁ ይህን ቦታ ለፎቶ ብቻ ወርዳችሁ እንዳታልፉት። እደሩበት።

እስስትን በቀን መፈለግ ልፋት ነው፤ ቅጠል መሐል ከተደበቀች አጠገቧ ቆማችሁም አታዩአትም። ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እስስት ስትተኛ ወደ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ትወጣለች። እባብ ወደ እሷ ቢመጣ ቅርንጫፉ ይነቃነቅና ትነቃለች። በእንቅልፏ ጊዜ ቀለሟ ይፈዛል። ባትሪ ስታበሩባት ከአረንጓዴው ቅጠል መሐል ነጣ ብላ ቁልጭ ትላለች። ጭራዋን እንደ ምንጣፍ ጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአራት እግሯ ቅርንጫፉን ጨብጣ ታገኟታላችሁ። ጠጋ ብላችሁ እግሯን እዩት። ጣቶቿ ለሁለት ተከፍለው የተጣበቁ ናቸው፣ ለመጨበጥ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ባሌ ውስጥ በጫካው ስም የተሰየመ የሐረና እስስት አለ። በባሌ ስም የተሰየመ ባለ ሁለት ቀንድ እስስትም አለ፤ ይሄኛው ለሳይንስ የተዋወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ትናንት ማለት ይቻላል።

ጥቂት ሰከንድ ብቻ እዩና ባትሪውን ዞር አድርጉ። ሌሊት እረፍቷ ነው።

ማታ ብቻችሁን እንዳትወጡ ግን አደራ። ሐረና ውስጥ አንበሳና ነብር አለ። ከፓርኩ ስካውት ወይም ጫካውን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ነው የሚወጣው። አባባ ወይም ወንድም ያላችሁት ያ ሰው «ቁም» ካለ ትቆማላችሁ። ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈ ሰው ድምፅ ሰምቶ የሚያውቀውን እኛ ባትሪ ይዘንም አናገኘውም።

ጊዜያችሁን ደግሞ መርጣችኋል። ሚያዝያ ላይ በደቡቡ ዝናብ አለ፣ ዝናብ ሲመጣ እንቁራሪት ታወራለች። ከዝናብ በኋላ ዝም ብላችሁ ቁሙና ስሙ። የሚጮኹት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው፣ ሴት እየጠሩ ነው። ድምፁ ወደመጣበት ስትሄዱ ዝም ይላሉ። ያኔ ባትሪውን አጥፍታችሁ ቆም በሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። እንዲህ እየቆሙ መቅረብ ነው። የሚቸኩል ሰው ጫጫታውን ሰምቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ እኔን የምትገርመኝ አንዲት ትንሽ ጉርጥ አለች። የእንግሊዙ የእንስሳት ሳይንቲስት ማልኮልም ላርገን ለብዙ ዓመት የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ሲያጠና ነበር፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ስትተዋወቅ በስሙ ተሰየመች። የምትኖረው በባሌ ከፍታ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እንቁራሪትና ጉርጥ እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ጥለው፣ ከእንቁላሉ ባለ ጭራ እጭ ወጥቶ እየዋኘ እንደሚያድግ ነው። ይቺ ግን እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ መሬት ላይ፣ ሣርና ቅጠል ሥር ነው። እጯም ውኃ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ያድጋል። እንቁላሉ በወንዱ ዘር የሚዳብረው ደግሞ ከመጣሉ በፊት በሆዷ ውስጥ ነው፣ ይሄ በጉርጦች ዘንድ ብርቅ ነው። እንግዲህ ያንን ሣር ከብት ሲረግጠው፣ እኛም በግዴለሽነት ስንሄድበት፣ ስንት ነገር ከጫማችን ሥር እንደሚቀር አስቡት። በተሠራው መንገድ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

የሐረና ወንዞች ዳርም ሌላ ብርቅ እንቁራሪት አለች። ሳይንስ ያወቃት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ከባሌ ሌላ ቦታ አልተገኘችም፣ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች።

አሁን ስለ እጃችሁ ልናገር። እንቁራሪት አትያዙ። ሎሽን፣ የፀሐይ መከላከያና የትንኝ መድኃኒት የቀባችሁት እጅ ለእሷ መርዝ ነው፣ በቆዳዋ በቀጥታ ይገባል። ሌላም አለ። የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዝርያዎችን ፈጅቷል። ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። ፈንገሱ በጭቃና በውኃ ይጓዛል፣ ማለትም በጫማችን ይጓዛል። ከቤት ስትነሱ ጫማችሁን እጠቡና በደንብ አድርቁ። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊትም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እባብን በተመለከተ፣ ፍርሃቱን አውቃለሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ሐረና ውስጥ ሳይንስ ገና በ2016 እ.ኤ.አ. ያወቀው እፉኝት አለ፣ በጫካውም ስም ተሰይሟል። ይህን እባብ በሕይወቱ ያየ ሰው ጥቂት ነው። በመንገዳችሁ ልታገኙት የምትችሉት ይልቅ በቆላው የተለመደው ወፍራሙ እፉኝት ነው። እሱ ሰው ሲመጣ አይሸሽም። ባለበት ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ሰው የሚነደፈውም ስለሚረግጠው ነው። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። እጃችሁን ማየት ወደማትችሉት ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሥር አታስገቡ። ማታ ያለ ባትሪ ሽንት ቤት እንኳ አትሂዱ። እባብ ካያችሁ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ቁሙ። አትግደሉት፣ ለመግደል የሚጠጋ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚነደፈው።

ሰው ቢነደፍ መቁረጥ የለም፣ መምጠጥ የለም፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል መድቦታል። ሕክምና ጋ የሚደርሰው ሰው ስለዘገየ የሚሞትበት ነገር ነው።

አርባ ምንጭ ስትደርሱ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው ቦታ ትሄዳላችሁ። የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል አዞዎቹ ዳር ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። ያ ቁጣ አይደለም፣ ሙቀት ማስወጣት ነው። የአፋቸው ውስጥ ቢጫማ ነው፣ ጥርሳቸው አፋቸው ሲዘጋም በውጭ ይታያል። የናይል አዞ ከ5 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። እናቲቱ ጎጆዋን ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ልጆቿ ገና እንቁላል ውስጥ እያሉ ሲጮኹ ሰምታ አሸዋውን ትቆፍራለች፣ በአፏም ይዛ ወደ ውኃ ትወስዳቸዋለች። ሴት ወይም ወንድ መሆናቸውን የሚወስነውም የጎጆው ሙቀት ነው፤ መካከለኛው ሙቀት ወንድ፣ ከዚያ ቢወርድም ቢወጣም ሴት። አየሩ ሲሞቅ ይህ ሚዛን ምን እንደሚሆን ያሳስበኛል።

ባለ ጀልባውን «ጠጋ በል» ብላችሁ አታስጨንቁት። ጉማሬም አለ። እጃችሁን ከጀልባው ውጭ አታውጡ።

ፎቶ አንሱ፣ እንደልባችሁ። ኢናቹራሊስት የሚባል አፕሊኬሽን ላይ ብትጭኑት ባለሙያዎች ዝርያውን ይነግሯችኋል፣ ለተመራማሪዎችም መረጃ ይሆናል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ግን የእስስትና የእፉኝት ትክክለኛ ቦታ አትጻፉ። እነዚህን ሰብስበው ወደ ውጭ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ የሚፈልጉትም ያንኑ ነው።

ለጉዞው በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ሙቅ ሹራብ ያዙ፣ ሳነቲ ሌሊት ይበርዳል። ጥያቄ ካለ እዚሁ ቆሜ እመልሳለሁ። አመሰግናለሁ።