ካውያውን ለቀቅ፣ ቦይለሩን ጠበቅ
(ኮተቤ አካባቢ በአንድ የሰፈር ዕድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዳኛችን "ስለ መብራት ቢል አንድ ነገር በል" ሲሉኝ መጀመሪያ የመሰለኝ ቀልድ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለሁም፤ አምፖል ስቀይር እንኳ ባለቤቴ "ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጋው!" እያለች ከሥር ትቆማለች። ግን ባለፉት ሦስት ወራት ጠዋትና ማታ ቆጣሪ ሥር ቆሜ ደብተር ላይ ስጽፍ ያላየኝ የለም። "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" ያላችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ዛሬ ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከክፋት ነው። ከራሴ ክፋት።

እንደምታውቁት ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች አሉ፣ ተከራይም አለን። እኔም ራሴ ለ11 ዓመት በሰው ግቢ ስኖር "ምጣድ አይቻልም፣ ምድጃ አይቻልም፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት አይበራም" ሲባል ነው የኖርኩት። የተከራይን ኑሮ አውቀዋለሁ ማለት ነው። ታዲያ ቢሉ ጨመረ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ጨመረ፣ በሦስተኛው ወር ወረቀቱን ሳየው የሌላ ሰው ቢል መሰለኝ። ወዲያው ዓይኔ የሄደው ወደ ተከራይዋ ልጅ ነው። ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሸሚዟን ትተኩሳለች። በሯን አንኳኩቼ "ካውያውን ብትቀንሺልን" አልኳት። "እሺ ጋሼ" አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። በማግስቱ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሳ በአጠገቤ ስታልፍ አየኋት። ኮሌታው አንድ ጎኑ ወደ ላይ ተቆልሎ ነበር። እሷን ሳያት የድሮው እኔ ትዝ አለኝ፤ ግን ዝም አልኩ።

ነገሩን የፈታው አሥረኛ ክፍል ያለው ልጄ ነው። "አባዬ፣ ማታ ስንተኛ የቆጣሪውን ቁጥር እንጻፈው፣ ጠዋት ስንነሳ እንየው። ሌሊት ማንም አይተኩስም፣ ማንም አይጋግርም" አለኝ። ከማታው 4 ሰዓት ላይ ጻፍን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አየን። ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል! ቤቱ በሙሉ ተኝቶ ሳለ ማን በላው? ፍሪጁ ይሆናል ብለን በማግስቱ ማታ ነቅለነው ተኛን፤ የቀነሰው ትንሽ ነው።

ከዚያ ልጁ መታጠቢያ ቤት ገባ። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ መንጠባጠብ ብቻ ሳይሆን እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። ስንት ወር እንደሆነው እንጃ፣ ጆሯችን ለምዶታል። ልጄ ከሥሩ ባዶ ጀሪካን አደረገና ተኛን። ጠዋት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ጎኑን ስነካው ለብ ያለ ነው። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ቦይለሩ ያሞቃል፣ እኛ ደግሞ እናፈሳለን።

አሁን ሂሳቡን እዩት። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት የሚበላ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ማለት ነው። 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ለማሞቅ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የእኛ ቧንቧ በ8 ሰዓት አንድ ጀሪካን ካፈሰሰ በቀን ሦስት ጀሪካን ነው፤ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያለ አንዳች ጥቅም ወደ ፍሳሽ ሄዷል። የልጅቷስ ካውያ? 1000 ዋት ነው፣ ጠዋት ሩብ ሰዓት ብትተኩስ፣ በወር 25 ቀን ሥራ ብትሄድ፣ ከስድስት ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ስድስት እና ዘጠና። እኔ በስድስቷ ሰው አስቀይሜ ዘጠናውን አቅፌ እተኛ ነበር።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። "ችግር የለውም ጋሼ" ብላ ሳቀች። ቧንቧው ደግሞ የዳነው በአንዲት ጎሚኒ ነው። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጨዋታ አይደለም። ቤታችን ውስጥ መብራት ይበላል ብለን የምንጣላበት ነገር እና በእርግጥ የሚበላው ነገር አይገናኙም። ልጆቻችንን ከክፍል ክፍል እየተከተልን "አምፖል አጥፉ!" እንላለን። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ ወሩን ሙሉ አንድ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። (ያቺ ቢጫ ባለ 60 ዋት አምፖል አሁንም ያለቻችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ቀይሯት፣ እሷ ከመብራትነቷ ይልቅ ምድጃነቷ ያመዝናል።) ቴሌቪዥኑም፣ የስልክ ቻርጀሩም፣ ሪሲቨሩም ተደምረው ያን ያህል አይደሉም። የሚበላው የሚያሞቅ ዕቃ ነው። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ምድጃ፣ የሻይ ማፍያ። እነዚህን የያዘ ቢሉን ይይዛል።

ወደ ምጣድ ልምጣ፣ እናቶች እንዳትቀየሙኝ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ስትጋግር ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዛሬ ደግሞ እኔን ልትቆጥር ነው?" አለችኝ። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጋግር ቤት በወር 60 ገደማ ይመጣል። እንጀራ አንብላ አልልም፣ ማን ደፍሮ! ግን ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ታየኝ።

አንደኛው፣ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል በባዶው ይሠራል። ያ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት የሚጋግር ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ሊጡን ሰብስቦ አንድ ቀን መጋገር ይሻላል። ሁለት ጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ምጣድ ተከታትሎ ቢጋግር ደግሞ የበለጠ ይተርፋል። በእንጨት ዘመን እናቶቻችን እሳቱ እንዳይባክን ይጠራሩ አልነበር? ሁለተኛው መጋገሩ ሊያልቅ ሲል ያለው ነው። ባለቤቴ የመጨረሻዋን እንጀራ ካወጣች በኋላ ነበር ማጥፊያውን የምትነካው። አሁን ሁለት እንጀራ ሲቀራት ታጠፋዋለች፣ ምጣዱ የያዘው ሙቀት ሁለቱን ያበስላል፣ ከዚያም ላይ ድርቆሽ ታደርቅበታለች። የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻዋ ትንሽ ነጣ ብላ ወጣች። "ይቺን አንተ ትበላታለህ" ተብዬ በላኋት፣ ምንም አላለችኝም።

ማታ ሰው ሁሉ በሚጋግርበት፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ መብራቱ ሲደክም አለመጋገርም ነው የሚሻለው። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሰዓቱ ይንዛዛል፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ረፋድ ላይ አድርጉት።

ቦይለር ላይ ብዙ አልልም። ከመታጠብ በፊት አብሩ፣ ታጥባችሁ ስትጨርሱ አጥፉ። ሌት ተቀን የበራ ቦይለር ቧንቧው ባይንጠባጠብም እንኳ በቀዘቀዘ ቁጥር ራሱን መልሶ ያሞቃል። ምድጃ ላይ ደግሞ ድስቱ ይከደን፣ ሽምብራና ባቄላ አድሮ ይዘፍዘፍ። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው "የሕዳሴ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5150 ሜጋዋት አመነጫለሁ ብሎ ተነሳ፣ ታዲያ እኔ ለምን እጨምራለሁ?" ይላል። ጥያቄው የእኔም ነው። ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የመነጨ መብራት ኮተቤ የሚደርሰው ግን በሽቦ፣ በሰብስቴሽን፣ በትራንስፎርመር ነው፣ ከነዚህ ብዙው በዶላር ይገዛል። ዶላሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ሁላችንም ገበያ ላይ አይተናል። ታሪፉም ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ነው በ2011 መጨመር የጀመረው፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ 4 ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ምክንያቱ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው፤ ደሞዛችንን በየሦስት ወሩ የሚጨምር የለም።

ቢሆንም ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። የመብራት ዋጋ እንደ ስኳር በኪሎ አንድ ዓይነት አይደለም፣ በደረጃ ነው። ከ2017ቱ ጭማሪ በፊት በነበረው ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር፣ ከ500 በላይ ሲሆን ግን አንዱ ወደ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ዘጠኝ እጥፍ! አሁን ቁጥሮቹ ከፍ ብለዋል፣ ደረጃው ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ቤት 15 በመቶ ቫት አለ፣ እስከ 200 ላለው የለም።

እና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ አስቡ። እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም ምስኪን ተጠቃሚ ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን 300 ይሆናል፣ ቆጣሪው አምስት ድሃ መሆናቸውን አያውቅም፣ አንድ ሀብታም ነው የሚያየው። በውድ ደረጃ ያስከፍላል፣ ቫቱም ይመጣል። ከዚያ አከራዩ ቢሉን በሰው ቁጥር ወይም በአምፖል ይከፋፍላል። ቡና እንኳ ውጭ የሚጠጣው ላጤ፣ ሦስት ልጅ ላላት እናት የእንጀራ መብራት ይከፍላል። እናትየዋ ደግሞ "ምጣድሽ ነው የፈጀን" እየተባለች ትሸማቀቃለች። ስንት ግቢ በዚህ ተጣልቶ ሽማግሌ ተልኮ እንደታረቀ ይህ ዕድር ምስክር ነው፤ ሁለቱ ላይ እኔም ነበርኩ።

አከራዮች፣ እኔም ጭምር፣ የሚቻል ከሆነ ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ እንጠይቅ። ጊዜ ይፈጃል፣ ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። እስከዚያው በየክፍሉ የምትገጠም ትንሽ መቁጠሪያ አለች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ጋ ትገኛለች፣ ባለሙያ ይግጠማት። እኔ አስገጥሜያለሁ። አሁን በወሩ መጨረሻ ተከራዮቼን ጠርቼ ቁጥሩን አብረን እናያለን፣ እነሱም ይጽፋሉ እኔም እጽፋለሁ። "ካውያ አይቻልም" የሚለው ሕግ ከግቢዬ ወጥቷል። የፈለገ ይተኩስ፣ የተኮሰውን ይክፈል።

ሌላ ሁለት ነገር ልበልና ልቀመጥ። ሶኬት ላይ ስትሰካ "ቢልሽን በግማሽ ትቀንሳለች" እየተባለ ቲክቶክ ላይ የምትሸጥ ትንሽ ሳጥን አለች። አትግዟት። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በእርግጥ የተጠቀማችሁትን ነው፣ ሳጥኗ ያን አትነካውም። የምታደርገው ነገር ቢኖር አረንጓዴ መብራት ማብራት ነው፣ እሱንም በእናንተ ሂሳብ። ሌላው ከባድ ነው። ከመብራት ሽሽት ብለው ማታ ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ባይታይም ይገድላል፣ ሽታም የለውም። ለከሰሉም ቢሆን ዋጋውን ታውቁታላችሁ። እባካችሁ ውጭ አቀጣጥሉ፣ ቤት አታሳድሩት።

የማስቸግራችሁ ይኼ ነው። ዛሬ ማታ ስትተኙ የቆጣሪያችሁን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት እንደተነሳችሁ ድገሙት። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ የቀረውን ሂሳብ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ለዕድር ክፍያ ስትመጡ ሁለቱን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፣ ጸሐፊያችን ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ደብተር ይከፍታሉ። ሌሊት ላይ ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሄደበት ቤት ካለ ከልጄ ጋር መጥተን እናያለን። ጀሪካኑን እኛ እናመጣለን። ጎሚኒውን ግን እናንተ ግዙ።