መሣሪያው ለምን መጨረሻ ላይ ይታዘዛል?

ክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ፣

እንድናገር የተጋበዝኩት ምክንያቱ ሳይታወቅ ራሱን ለሚስት ሰው ለረጅም ጊዜ ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጠው የልብ ምት መቅጃ ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ እኔ የመጣሁት የከነከነኝን ልናገር ነው።

አንዲት መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿ ፊት ቆማ እያስተማረች፣ ጠመኔው ከእጇ ሳይወርድ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ዘጭ ትላለች። ወድቃ ሳለ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። ለዓመታት መድኃኒቱን ወሰደች። አፈዘዛት እንጂ መውደቁን አላስቀረላትም። ኤምአርአይ ተነሣች፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢኢጂ) ተሠራላት፣ የልብ ምትን ከውጭ ሆኖ የሚቀዳው ሆልተርም ለ24 ሰዓት ታሰረላት። በዚያች ቀን ግን አልወደቀችም! «ልብሽ ጤነኛ ነው» ተብላ ተሸኘች። በወራት አንዴ የሚመጣን ነገር በአንድ ቀን ካልያዝነው የለም እንላለን? ይህ ምርመራ ነው ወይስ ዕጣ መጣል?

ሁሉም ከታከተው በኋላ መቅጃው ገባላት። በማደንዘዣ፣ ከደረት አጥንቷ በስተግራ፣ በደቂቃዎች ውስጥ። ከዚያ ስትወድቅ የተቀዳውን አይቻለሁ፦ ምት፣ ምት፣ ምት፤ ቀጥሎ ከ10 ሰከንድ በላይ የዘለቀ ቀጥ ያለ መስመር፤ ልቧ ቆሞ ነበር። እጇን ያንቀጠቀጠው ደም ያጣው አንጎሏ ነበር። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታው ፔስሜከር ተደረገላት፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ተቋረጠ።

እነዚያን ዓመታት ማን ይመልስላት? መሣሪያው እኮ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ! በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የካናዳ ጥናት 60 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ በመቅጃው ምክንያቱ የታወቀላቸው 52 በመቶ፣ በተለመደው ምርመራ 20 በመቶ ነበሩ። የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም፣ መውደቁ የሚደጋገምበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀና የከፋ አደጋ ምልክት የሌለበት ሰው ገና በምርመራው መጀመሪያ ላይ እንዲገባለት ይመክራል። መጀመሪያ ላይ ነው የሚለው! እኛ ግን ሆልተሩን ደግመን ደጋግመን እናዝዛለን።

«ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ያ ሁሉ ኤምአርአይ፣ ያ ሁሉ ምልልስ፣ የተሰበረ ዳሌስ በነጻ ነው?

ደግሞ መቅጃውም ወሰን አለው፤ የደም ግፊት አይለካም። ሲሮጥ የወደቀ፣ የልብ ጡንቻው የተጎዳ፣ በቤተሰቡ ድንገተኛ ሞት ያለበት ሰው ቶሎ ተኝቶ ይመርመር እንጂ መቅጃ ተደርጎለት ወደ ቤቱ አይላክ። ሰውየው ወድቆ ምቱ ትክክል ሆኖ ከተገኘም ትልቅ መልስ ነው፤ የዚያን ቀን የጣለው የምት መዛባት አይደለም ማለት ነው።

ነርሶቻችን፣ ሰው ሲወድቅ የተቀዳውን የሚያስቀረውን የመቅጃውን ቁልፍ መጫን ለቤተሰቡም አሳዩ። ሕመምተኛው ከነቃ በኋላ ቢጫንም መሣሪያው ያለፉትን ደቂቃዎች ያስቀራል።

ስለዚህ በምርመራ ቅደም ተከተላችን ውስጥ መቅጃው ከሁለተኛው ሆልተር በፊት እንዲሰፍር ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ፣ ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ።