«ወፌ ቆመች» እስኪባል ድረስ

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የክትባት ካርድ የያዛችሁ አውጡት። በመርፌ ቀን ልጁን አቅፋችሁ መምጣታችሁ አይቀርም፤ ያንኑ ቀን ዕድገቱንም እንይበት ነው የምንለው።

በ45 ቀኑ ክትባት የምናየው ፈገግታን ነው። ሕፃን በእንቅልፉ ፈገግ ሲል «መላእክት እያጫወቱት ነው» እንላለን፤ እሱን አትቁጠሩት። የሚቆጠረው ነቅቶ፣ ጠግቦ፣ ፊታችሁን አይቶ የሚመልሰው ነው። ፊታችሁን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አቅርቡ፣ ጥቂት አውሩትና ዝም በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሕፃን መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ግን ሳንጠብቀው ወሬያችንን እንቀጥላለን። ሦስት ወር ሞልቶት ፈገግ ካላለ፣ ፊታችሁንም በዓይኑ ካልተከተለ ይታይ። የዓይኑ ብሌን መሀል ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

በ14ኛው ሳምንት ተራው የአንገት ነው። ልጁን ጠንካራ ምንጣፍ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ በክንዱ ተደግፎ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ መጀመር አለበት። አራት ወር ሲሞላው ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ጭንቅላቱ አይወላገድም። ቀኑን ሙሉ በጀርባው የሚተኛ ልጅ ይህን አይለማመድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ይዋል የሚል ነው፤ በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ። የሚያለቅስ ከሆነ ከእናቱ ደረት ላይ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይጀመር። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው።

ስለ መጠቅለልም አንድ ነገር። «እግሩ እንዳይንሻፈፍ» ተብሎ ሁለቱን እግር ቀጥ አድርጎ ጠፍንጎ ማሰር የዳሌን መገጣጠሚያ ከቦታው ሊያወጣ ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን እግር ቆልመም ማለቱ ያለ ነው፤ ቆሞ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ማዘል ግን ጥሩ ነው፤ በአንቀልባም ሆነ በነጠላ ጭኑ ተከፍቶ ጉልበቱ ስለሚታጠፍ ለዳሌ ይመቻል።

ስድስት ወር ላይ ጆሮውን ፈትሹ። አንዱ ከፊቱ ሆኖ ያጫውተው፤ ሌላው ከኋላው፣ ልጁ በማያይበት፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቁልፍ ያንሿሿ፤ ልጁ ወደ ድምፁ መዞር አለበት። ጥላችሁን ካየ ወይም ትንፋሻችሁ ከነካው ፈተናው ዋጋ የለውም። «ይጮሃል እኮ፣ እንዴት አይሰማም?» አትበሉ፤ የማይሰማ ልጅም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣል። በዚሁ ዕድሜ ተቅማጥ ሲመጣ ጥርስ ይወቀሳል። ምግብ የሚጀመርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት ጊዜ ስለሆነ ጥፋቱ የጀርም ነው። ድዱን ማስቧጠጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ አያመጣም።

በ9 ወሩ ክትባት ሳይደገፍ ይቀመጣል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ ጣቶቹን እዩ። ቁራሽ እንጀራ ፊቱ አስቀምጡለት፤ በሰባት ወሩ በመዳፉ ጠራርጎ ያነሣው የነበረውን አሁን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ለመቆንጠር ይሞክራል። በዓመቱ አጥርቶ ይቆነጥራል። በቆሎና በኦቾሎኒ ግን አትሞክሩት፤ ያንቃሉ።

«የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ሄደ» የሚለውን ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ብቻን መሄድ ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ እንደሚመጣ አይቷል። ከመቶው አራት ያህሉ ጭራሽ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የሄዱት። ስለዚህ በ15 ወሩ ክትባት ገና «ወፌ ቆመች» እየተባለለት ያለ ልጅ ዘገየ አይባልም። 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ይመርመር። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ እስከ ሁለት ዓመቱ የጎደለውን ቀንሱለት፤ ስምንት ሳምንት ቀድሞ የመጣ የስድስት ወር ልጅ የሚለካው እንደ አራት ወር ልጅ ነው።

መሄድን ከሚያዘገዩት አንዱ ሪኬትስ፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ነው፦ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ እርግብግቢት ቶሎ አይገጥምም፣ እግር ይቆለመማል። ምች ፈርቶ ልጅን ቤት መዝጋት ዋናው መንገዱ ነው። ክንዱና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ተከልሎ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ይሙቅ። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ዎከር የሚባለውን ባለጎማ መቀመጫ ደግሞ አትግዙ። ቶሎ አያስኬድም፤ ይልቅ ልጁን በአንድ ጊዜ ምድጃና ጀበና አጠገብ ያደርሰዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች።

ከዓይን ብሌን ነጭነት ሌላ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሦስት ናቸው፦ ይችለው የነበረውን መተው፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ መጠቀም፣ ለድምፅ አለመዞር። ስትመጡ በስልካችሁ የቀረጻችሁትን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ፤ ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ ቤት የሚያደርገውን አያደርግም። «ልጄ ልክ አይመስለኝም» ከማለትም «11 ወሩ ነው፤ በቀኙ ይዘረጋል፣ ግራውን እንደጨበጠ ነው» በሉ። እንዲህ የተነገረው ባለሙያ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።