«አንቺ ምኗ ነሽ?»

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ እንደ እኔ በር ስትጠብቁ የኖራችሁ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

አዘጋጆቹ ስለ ቤተሰብ ተሳትፎ እንድናገር ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት ገጽ መጠይቅ ልናገር ነው።

ልጄ የአእምሮ ሕክምና በምትከታተልበት ተቋም አንድ ቀን የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል። ከሥሩ ከሚያለቅሰው እስከሚስቀው አምስት ፊቶች ተደርድረዋል። ሠራተኛዋ ከፊቴ ቆማ ትጠብቃለች፤ ልጄ ከበሩ ማዶ ናት። ልጇ በእጃችሁ ያለች እናት የትኛውን ፊት የምታከብብ ይመስላችኋል? እናንተም በሪፖርታችሁ «ከፍተኛ እርካታ» ብላችሁ ትጽፉታላችሁ!

አጠገቤ የልጄ ጓደኛ ተቀምጣለች። ልጄ እንቅልፍ ማጣቷን ከእኔ ቀድማ ያየች፣ «ለእናትሽ እንንገራት» ብላ የለመነች፣ ከቀጠሮ ቀርታ የማታውቅ ልጅ ናት። ለእሷ ወረቀት የሰጣት የለም። በዚያ ቤት የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አንቺ ምኗ ነሽ?»

ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ የምታስተምሩን እናንተ ናችሁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የልቡን የሚያጫውተው ለማን ነው? ለጓደኛው አይደለም?

በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ «የጓደኛና የቤተሰብ መጠይቅ» አለ። ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ በዋናነት የሚጠየቀው ታካሚው ነው፤ ያውም ሲጀመር «አገልግሎቱን ለወዳጅ ዘመድዎ ይመክራሉ?» ተብሎ። እዚያም የገባነው በስማችን ብቻ ነው።

ቤተሰብንም ስሙ ስንል «የታካሚ ምስጢር ነው» ትሉናላችሁ። ምስጢሩን ጠብቁ! ልጄ የነገረቻችሁን አውጡልኝ ያለ ማን ነው? ስልክ ስደውል አንሡ፣ ሌሊት ቢብስባት ወዴት እንደምወስዳት ንገሩኝ፣ ቤት ውስጥ ያየሁትን ስናገር ስሙኝ ነው ያልኩት። ይህ የማን ምስጢር ነው? መጠይቃችሁም የሚጠይቀው ስለዚህ ይሁን፤ ስለ ወንበሩና ስለ ግድግዳው ቀለም አይደለም።

ሌላው አጭር ነው። ወረቀቱ ስም አይኑረው። የሚሰበስበውም አካሚው ወይም ባልደረባው አይሁን። ወጣቱ ከፈቀደ ጓደኛውም ይሙላ። ሕክምናውን አቋርጠው የቀሩትን ልጆች ቤተሰቦችም ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ያኔ የሚያለቅሰውን ፊት የሚያከብብ ሰው ታገኛላችሁ።

አመሰግናለሁ።