ዘፈኑ ሲመጣ አትነሡ፦ ስለ ቪሻል ባርድዋጅ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሲኒማና የሙዚቃ ወዳጆች፤

በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ሲታይ፣ ዘፈን በጀመረ ቁጥር ቆሎ ለመግዛት ወደ ውጭ እንሮጥ ነበር፤ ስንመለስ ታሪኩ ካቆመበት እንደሚጠብቀን እናውቃለንና። ዛሬ ማታ ኦምካራ የተባለውን ፊልሙን የምናይለት ሰው ይህን ልማድ ያስተወኝ ነው።

ቪሻል ባርድዋጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በሰሜን ህንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ተወለደ። አባቱ የሸንኮራ አገዳ ጉዳይ የሚቆጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ሳለ ለፊልም የዘፈን ግጥም ይጽፉ ነበር። ልጃቸው መጀመሪያ ልቡን የሰጠው ለክሪኬት ጨዋታ ቢሆንም ውሎ አድሮ ወደ ዜማው አዘነበለ፤ ገጣሚውና ዳይሬክተሩ ጉልዛር በ1996 ማቺስ ለተባለው ፊልማቸው ሙዚቃውን እንዲሠራ በሰጡት ጊዜም ስሙ ወጣ። ቀጥሎ ጎድማዘር ለተባለው ፊልም በደረሰው ሙዚቃ የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ተቀበለ።

እንዲህ የተሳካለት የዜማ ደራሲ ወደ ዳይሬክተርነት የተሻገረው፣ ራሱ እንደሚናገረው፣ ለሙዚቃው ሥራ ለማግኘት ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ፊልሞቹን ላየ ሰው ብዙ ይገልጻል። በ2002 ማክዲ በተባለ የልጆች ፊልም ጀመረና ወደ ሼክስፒር ዞረ፦ ማክቤዝን በ2003 ማክቡል ብሎ ወደ ሙምባይ ወሮበሎች ዓለም፣ ኦቴሎን በ2006 ኦምካራ ብሎ ወደ ትውልድ ግዛቱ የጉልበተኞች ፖለቲካ፣ ሐምሌትን በ2014 ሃይደር ብሎ ወደ 1990ዎቹ ካሽሚር ወሰዳቸው። ሦስቱም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሷቸው ተውኔቶች ስለሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በማክቡል ጠንቋዮቹን ተክተው ትንቢት የሚናገሩት ኮከብ የሚቆጥሩ ሁለት ሙሰኛ ፖሊሶች ናቸው፤ እኔ ከሁሉ የሳቅሁትና የፈራሁት በእነሱ ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ያለው በሃይደር ነው። በሼክስፒር ተውኔት ሐምሌት አባቱን የገደለውን የአጎቱን ወንጀል ለማጋለጥ ተዋንያን ጠርቶ በቤተ መንግሥት ትያትር ያሠራል። ባርድዋጅ ይህን ትያትር ዘፈን አደረገው፦ በማርታንድ ጥንታዊ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ መካከል፣ ትልልቅ አሻንጉሊቶች አጅበውት፣ ሃይደር በእናቱና በአጎቱ ፊት እየጨፈረ በአባቱ ላይ የተፈጸመውን ክህደት ይዘፍናል። በዚያች ደቂቃ ቆሎ ሊገዛ የወጣ ሰው የታሪኩ ልብ አመለጠው ማለት ነው። ለዚህ ፊልም ሙዚቃም ብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል።

ሁሉም ሥራው እንዲህ ሰምሯል አልልም፤ በ2017 የወጣው ራንጉን ብዙ ተደክሞበት ተመልካች አጥቷል።

ወደ ዛሬው ፊልም ልመለስ። በኦቴሎ ባል በሚስቱ ላይ ያደረበትን ጥርጣሬ የሚያቀጣጥለው መሐረብ በኦምካራ ከቤተሰብ የወረደ የወገብ ጌጥ ሆኗል፤ መሐረብ ቢጠፋ ጠፋ ይባላል፣ ከሴት ወገብ የተለየ ጌጥ ግን በዚያ አገር ቤት ሌላ ወሬ ያስነሣል። ከጌጡ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንዲት ዜማ አለች፤ የተኛችውን አሻንጉሊት ንግሥት «ተነሺ» እያለች የምትቀሰቅስ ናት። መጀመሪያ የምትሰማው ኦምካራ ለሚወዳት ልጅ ያለው ፍቅር ገና ትኩስ ሳለ ነው። መጨረሻ ላይ ያችው ዜማ ስትመለስ ልጅቱ ከእንግዲህ አትነሣም። የጸጋዬን ኦቴሎ ያነበበ ፍጻሜውን ስለሚያውቅ ምስጢር አወጣህ አትሉኝም።

አሁን መብራቱን ያጥፉልን፤ ቆሎ የሚገዛም ካለ አሁኑኑ ይግዛ።