የማን ልጆች ናቸው የሚያለቅሱት?

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ የደሴ ብርድና ጭጋግ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ቡናው ከጀርባ እየተቆላ ነው፣ ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ስለ አንድ ከባድ የሮክ አልበም ነው የማወራችሁ። የኒውዮርኩ ዘፋኝ ሉ ሪድ በፈረንጆቹ 1973 ያወጣው «በርሊን» ነው። አሥር ዘፈን ነው፣ ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። የጂምና የካሮላይን ታሪክ ነው። ይዋደዳሉ። ዕፅ ይገባል፣ ዱላ ይገባል። ልጆቿን ይወስዱባታል። በመጨረሻ ካሮላይን ራሷን ታጠፋለች። አድማጩን ትንሽ የሚያሳርፍ ዘፈን መሃል ላይ አልገባም።

የመጀመሪያዎቹ አድማጮች ለምን እንደደነገጡ ይገባኛል። ከዚያ በፊት በ1972 የወጣውን የሉ ሪድን አልበም ፕሮዲውስ ያደረጉት እንግሊዛውያኑ ሙዚቀኞች ዴቪድ ቦዊና ሚክ ሮንሰን ነበሩ። ሰው ወዶታል፣ ሬዲዮ ላይ ተጫውቷል። ሁሉም የዚያኑ ታናሽ ወንድም ነበር የሚጠብቀው። ለሠርግ ለብሶ ወጥቶ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ሆኑ።

ሃያሲዎቹም ተነሱበት። «ሮሊንግ ስቶን» የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ላይ የጻፈው ሰው አልበሙን መዓት ነው አለው። አንዳንድ ሥራ ከማስቀየሙ የተነሳ ዘፋኙን በአካል መበቀል ያሰኛል እስከማለት ደረሰ። ሃያሲው ሮበርት ክሪስጋው «ሲ» ማርክ ሰጥቶ አለፈው። «ኒውዮርክ ታይምስ» ላይ ደግሞ ጆን ሮክዌል በዓመታት ውስጥ ከተሰሙት እጅግ ጠንካራ የሮክ ሥራዎች አንዱ ነው ብሎ ቆመለት። እንግሊዝ አገር የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ 7ኛ ገባ። አሜሪካ 98ኛ ላይ ቀረ።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2003 ያው «ሮሊንግ ስቶን» ከምንጊዜም 500 ታላላቅ አልበሞች ውስጥ 344ኛ አድርጎ አስቀመጠው። በ2006 መጨረሻ ሉ ሪድ ብሩክሊን ውስጥ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ከ33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ጁሊያን ሽናቤል ፊልም ቀረጸው። ዘፈኖቹ ያው ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ።

አልበሙን መጀመሪያ በስፒከር የሰማሁት አክስቴ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እሷ ቡና እየቆላች ነው፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አትሰማም። ሰባት ዘፈን ሲያልፍ ምንም አላለችም፤ ቡናዋን እያመሰች ነው። ስምንተኛው ላይ ልጆች ማልቀስ ይጀምራሉ። እናታቸውን እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። አክስቴ ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አነሳችው። ቡናው ገና ቀይ ነው፣ አልደረሰም። «የማን ልጆች ናቸው? ሰው አይደርስላቸውም እንዴ?» አለችኝ። ዘፈን ነው አልኳት። «ዘፈን መሆኑንማ ሰማሁ፤ እናታቸው የት ሄዳ ነው?» አለች። ታሪኩን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምጣዱን መልሳ ጣደችና «ጨርሰው፣ እንስማው» አለችኝ።

ስለዚህ አልበም ብዙ አንብቤያለሁ። የእሷን ያህል በትክክል የሰማው ሃያሲ አላገኘሁም። ከበዳት፣ ግን አላጥፋው አለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ ግማሹ ላይ ተነስቶ የሚወጣ ሰው የለማ!

ባለፈው ወር ደግሞ አሥራ አራት ሆነን ሰማነው። ሁሉም የተሰማውን ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ጠየቅሁ። አንዱ «ጊታሩ አይጮህም፣ ይሄ ምኑ ነው ሮክ?» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ፒያኖና ኦርኬስትራ ይበዛበታል። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪን እንደ ቲያትር ነው ያደራጀው። አንዷ «ደግሜ አልሰማውም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ «ግን ሲያቃዠኝ አደረ» ብላ ጨመረች። ሌላዋ የጻፈችው እስካሁን ያከራክረኛል። «ካሮላይን እንዲህ አለች ይላል፤ እሷ ግን አንዴም አፏን አትከፍትም። ስለ እሷ የሚነግረን የመታት ሰው ነው» ትላለች። ልክ ነች። አልበሙን እወደዋለሁ፤ ይሄ ጉድለት ግን አለበት። ዘፋኙ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ የሚያወራ እስኪመስል፣ የሷን ሞት ይነግረናል። አስለቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ታናግረዋለች። ካሮላይንን የሚያናግራት የለም። ይሄን አንድ የደሴ ልጅ ጻፈችው። እንዲህ ያለ ትችት ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ከሰማ ሰው የመጣ ነው።

«ይከብዳል፣ ዝጋው» ሲባል ግን ያመኛል። በተለይ እዚህ።

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ ስም ነው፤ አምባሰልና ባቲ። ባቲ ሰኞ ገበያ ውላችሁ፣ ማታ ክራር ሲደረደር የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። አንጀት የሚበላውን ዘፈን ነው ሰው «ድገመው» የሚለው። የተከዘ ዘፈን ለእኛ እንግዳችን አይደለም።

ሌላም አለ፤ ስናገረው እየከበደኝ ነው። ያ አልበም የወጣበት 1973 በእኛ የ65 እና የ66 ዘመን ነው። ረሃብ ወሎን እየጨረሰ ነበር። አዛውንቶቻችሁን ጠይቁ፣ ዛሬም «ስልሳ ስድስት» ሲሉ ድምፃቸው ይቀንሳል። ያኔ ነገሩ እንዳይታይና እንዳይሰማ ተደርጎ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራውን ፊልም ጥቅምት ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው ዓለም ያየን። ዘፈንን ከረሃብ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ አይወዳደርም። የወሎ ሰው ግን «ማየት ይከብዳል» ተብሎ ፊት ሲዞርበት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ለዚህ ነው ልጅ ሲያለቅስ ዝጋው ማለት የማልችለው።

እንግዲህ እንስማው። መብራቱን እናጠፋለን፣ ስልካችሁን ሳይለንት አድርጉልኝ። ግጥሙን በአማርኛ ያዘጋጀሁትን ወረቀት በር ላይ ወስዳችኋል። ስምንተኛው ላይ የከበደው ሰው ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ውጭ አቦሉ ተቀድቶ ይጠብቀዋል። የቀረነው ሲያልቅ ሳናጨበጭብ ትንሽ እንቆያለን፣ ከዚያ ወረቀት እናድላለን።