ለንደን በነጻ፣ ለንደን በክፍያ፦ ለየትኛው እንክፈል?

[ምስል፦ ከቴምዝ ወንዝ ላይ የተነሳ፣ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች]

ሰላም ተመልካቾቻችን። እነዚህን ሁለት ሕንፃዎች እዩአቸው። ጫፉ የሾለው ሻርድ ይባላል። ላዩ ላይ ወጥቶ ከተማውን ለማየት ቲኬት መቁረጥ ያስፈልጋል። መመልከቻው እስከ 244 ሜትር ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሌላው ሕንፃ ደግሞ 58ኛ ፎቁ ላይ ሆራይዘን 22 የሚባል መመልከቻ አለው። ከፍታው 254 ሜትር ነው። መግቢያው ደግሞ በነጻ!

አዎ፣ የነጻው ከሚከፈልበት በ10 ሜትር ይበልጣል። ለንደን ውስጥ የቲኬቱ ዋጋ ስለ ቦታው ብዙም አይነግራችሁም። ከተማውን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በነጻ ያለውን ይጨርስ፤ ከዚያ ለአንድ ወይም ለሁለት ቦታ ይክፈል። እኔ የማምንበት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ነጻ ነው ማለት ዝም ብሎ ይገባል ማለት አይደለም። ሆራይዘን 22ም ሆነ ስካይ ጋርደን የሚባለው ሌላው ነጻ መመልከቻ ቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ ማስያዝን ይመክራሉ። ቦታው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የጉዞ ቀናችሁ እንደተቆረጠ ያዙ።

[ምስል፦ የብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያ]

ወደ ሙዚየሞቹ እንሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈተው በ1759 ነው፤ ያኔም በነጻ ነበር። ሌሎች አንዳንድ ትልልቅ የመንግሥት ሙዚየሞች ግን ለዓመታት ያስከፍሉ ነበር። በታኅሣሥ 2001 መንግሥት ክፍያውን አስቀረ። ዛሬ ናሽናል ጋለሪ ገብታችሁም በነጻ የቫን ጎግን የሱፍ አበባዎች ማየት ትችላላችሁ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ደግሞ 25 ሜትር የሚረዝም የዓሣ ነባሪ አፅም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ልጆች ካሏችሁ እሱ እንዳያመልጣችሁ። አንድ ሳንቲም አትከፍሉም። የሚያስከፍሉት ልዩ ኤግዚቢሽኖች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለእኛ የተለየ ጉዳይ አለ። በ1868፣ በእኛ በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈው ቅርስ ብዙው ያለው በእነዚሁ በነጻ በሚገቡባቸው ቤቶች ነው። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት የሚታመን የወርቅ አክሊል አለ። የወርቅ ጽዋም አለ። ብሪቲሽ ላይብረሪ የብራና መጻሕፍት አሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት አሉ። ታቦታቱ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ለንደን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ይህንን አውቆ ቢገባ ደስ ይለኛል። ቅርስ ለማየት ብላችሁ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የሙዚየሙን ድረ ገጽ እዩ፤ ሁሉም ሁልጊዜ ለእይታ አይቀርብም።

[ምስል፦ ዌስትሚንስተር አቢ፣ ወደ ማምሻው]

አሁን ብዙ ጎብኚ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ዌስትሚንስተር አቢ ለጉብኝት 30 ፓውንድ ገደማ ይጠይቃል። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም ያስከፍላል። ለጸሎት የሚመጣን ሰው ግን ሁለቱም አያስከፍሉም። ኢቭንሶንግ የሚሉት የሠርክ ጸሎት አላቸው። መዘምራኑ ሲዘምሩ ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ። እርግጥ እየዞሩ መጎብኘት የለም፤ ፎቶ ማንሳትም አይቻልም። ለጸሎት ነው የምትገቡት፤ ያንን አክብሩ። ለእኔ ግን ከጉብኝቱ ይልቅ ይኼኛው ይበልጣል። ቤቱ የተሠራው ለዚሁ ነውና።

ዊንዘርም እንደዚሁ ነው። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ቤተ መንግሥቱን ለመጎብኘት ይከፈላል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት የሠርክ ጸሎት ላይ መገኘት ግን በነጻ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እዚያ ነው የተቀበረው። በ1879 ሲያርፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሠሩለት መታሰቢያ ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፏል። ከአገሩና ከወገኑ ተለይቶ ለቀረ ልጅ ይህ ቃል መጻፉ ያንገበግባል።

[ምስል፦ የለንደን ግንብ]

እሺ፣ ገንዘብ የሚወጣው ታዲያ ለምን? ለለንደን ግንብ። ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፤ ውድ ነው፤ ግን ያዋጣል። የዘውድ ጌጦቹ እዚያ አሉ። በትረ መንግሥቱ ላይ ያለው አልማዝ ብቻውን 530 ካራት ነው። በቀይና በጥቁር ሰማያዊ ልብሳቸው የሚታወቁት የግንቡ ዘበኞች እየዞሩ ታሪኩን ያስረዳሉ፤ እሱም ከቲኬቱ ጋር ነው። በሩ እንደተከፈተ ግቡና በቀጥታ ወደ ጌጦቹ ሂዱ። ከረፈደ ሰልፉ አያላውስም።

ለንደን አይ የሚሉትን ትልቁን ጎማ ዝለሉት። 135 ሜትር ነው። ከፍ ያለውን በነጻ አይታችኋል። ታወር ብሪጅንም በእግር መሻገር ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ላይኛው የመስተዋት ወለል ላይ ለመውጣት ነው። በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የዘበኞች ቅያሪ በነጻ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቀደም ብላችሁ ካልደረሳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው።

ግሪንዊች ላይ ደግሞ ዓለምን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የሚከፍለው መስመር አለ። ሰዎች በመስመሩ ላይ ቆመው ፎቶ ለመነሳት ኦብዘርቫቶሪ ለሚባለው የጥንት የከዋክብት መመልከቻ ይከፍላሉ። መስመሩ ግን ከግቢው ውጭ፣ በግድግዳው ላይም ቀጥሏል። እዚያ ፎቶ ተነሱ፤ ሰልፍም የለም። ኮረብታው ላይ ሆናችሁ ከተማውን ካያችሁ በኋላ የባሕር ታሪክ ሙዚየሙን ጎብኙ፤ እሱም በነጻ ነው።

ለመጓጓዣ አውቶቡስ ያዙ። ከምድር ውስጥ ባቡር ይረክሳል፤ ከተከፈለ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ አውቶቡስ ቢቀያየርም ተጨማሪ ሂሳብ የለም። 15 ቁጥር ከለንደን ግንብ ተነስታችሁ በቅዱስ ጳውሎስ በኩል ትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ያደርሳችኋል። ናሽናል ጋለሪ በሩ ላይ ነው። ጠዋት ግንቡን፣ ከሰዓት በኋላ ጋለሪውን፣ ማምሻውን አቢ የሠርክ ጸሎትን ብታደርጉ፣ የቀኑ ትልቁ ወጪ ያ የግንቡ ቲኬት ብቻ ይሆናል።